ውሃው ሳያልቅ ግፊቱ ሲያልቅ፦ የቤት ቦይለር ግፊት ለምን ይወርዳል? እንዴትስ ይመለሳል?

መግቢያ

የጨፋን ሸለቆ አይቶ የሚያውቅ ሰው እዚያ አካባቢ የውሃ ችግር አለ ቢሉት ለማመን ይቸገራል። የቦርከና ወንዝ ከደሴ አካባቢ ከፍተኛ ቦታዎች ተነስቶ፣ በኮምቦልቻ በኩል አልፎ ጨፋ ሜዳ ላይ ሲደርስ ሩጫውን ይተዋል። ክረምት ሲሆን ሜዳው ላይ ይንጣለላል፤ በበጋም ረግረጉና ሣሩ የአካባቢውን ብቻ ሳይሆን ከአፋር በኩል የሚመጡትን ከብቶችና ግመሎች ጭምር ያኖራል። ታዲያ በዚሁ ሸለቆ በምትገኘው በከሚሴ ከተማ አንድ ሰው ሻወር ቤት ገብቶ የቦይለሩን ቧንቧ ሲከፍት ውሃው እንደ ክር ቀጥኖ ሲወርድ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም።

ብዙዎቻችን ይህን ስናይ "ውሃው አንሶ ነው" እንላለን። የዚህ ጽሑፍ ዋና ሐሳብ ግን ሌላ ነው። የውሃ ብዛትና የውሃ ግፊት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ጨፋ ሜዳ ላይ የተኛው ውሃ ብዙ ነው፤ ነገር ግን ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ስለተኛ በራሱ ወደ ማንም ቤት ሻወር አይወጣም። በቤታችንም ነገሩ እንዲሁ ነው። ስለዚህ ግፊት ሲወርድ ትልቅ ታንከር ወይም ፓምፕ ለመግዛት ከመሮጣችን በፊት ግፊቱ የት እንደሚፈጠርና የት እንደሚጠፋ ማወቅ ይገባናል።

እዚህ ላይ አንዳንድ የክፍል ጓደኞቼ "ከሚሴ ቆላ አይደለም እንዴ? ሙቅ ውሃ ምን ያደርግላችኋል?" ብለው ሊስቁ ይችላሉ። እውነት ነው፣ በሚያዝያና በግንቦት ፀሐይ ላይ የዋለ የሮቶ ውሃ ያለ ቦይለርም ይሞቃል። በኅዳርና በታኅሣሥ ለሱብሒ ሶላት ውዱእ ሊያደርግ የተነሳ ሰው፣ አራስ ያለችበት ቤት፣ በአዲስ አበባ–ደሴ መንገድ ላይ የሚመላለሱ ሾፌሮችን የሚያሳድር ፔንሲዮን ግን ሙቅ ውሃ ይፈልጋሉ።

ግፊት ከየት ይመጣል?

በሰፈር ቋንቋ "ፕሬዠር የለውም" የምንለው ነገር በፍሉይድ መካኒክስ ትምህርታችን ቀላል ቀመር አለው። የላይኛው ውሃ በክብደቱ የታችኛውን ይጫነዋል። ስለዚህ ረግቶ በቆመ ውሃ ውስጥ አንድ ቦታ ላይ ያለው ግፊት የውሃው እፍግታ፣ የመሬት ስበትና ከዚያ ቦታ በላይ ያለው የውሃ ከፍታ ሲባዙ የሚገኝ ነው። የውሃ እፍግታ በሜትር ኩብ 1,000 ኪሎ ግራም፣ የመሬት ስበት 9.81 ብንወስድ፣ 10 ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ 98,100 ፓስካል ይሰጠናል። ይህም ከ1 ባር በጥቂቱ ያነሰ ነው። ለቤት ሥራ "አንድ ሜትር ከፍታ 0.1 ባር ነው" ብሎ መያዝ ይበቃል።

በቀመሩ ውስጥ የታንከሩ ስፋት የለም። የሊትሩ ብዛትም የለም። ባለ 500 ሊትሩም ባለ 5,000 ሊትሩም ሮቶ የውሃው ከፍታ እኩል ከሆነ የሚሰጡት ግፊት አንድ ነው። ትልቁ ውሃውን ለብዙ ቀን ያቆይልናል እንጂ ቧንቧውን አያበረታውም። ከተሞችም ውሃን ከጉድጓድ ስበው ኮረብታ ላይ ወዳለ ማጠራቀሚያ የሚያወጡት በዚሁ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። ሮቶው በ4 ሜትር ማማ ላይ ቢቀመጥ፣ የሻወሩ አፍ ደግሞ ከመሬት 2 ሜትር ቢርቅ፣ የቀረን ከፍታ 2 ሜትር ብቻ ነው። ሮቶው ውስጥ 1.5 ሜትር ውሃ ካለ 3.5 ሜትር ይሆናል። ይህም ማለት ሮቶው ሲሞላ 0.35 ባር፣ ሊያልቅ ሲል 0.2 ባር ነው። ጠዋት ጥሩ የነበረው ሻወር ማታ የሚደክመው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። እንዲህ ያለች ትንሽ ግፊት ስለሆነች በመንገድ ላይ ትንሽ ብትባክን ወዲያው ይታወቃል።

ቦይለር ግፊት አይፈጥርም

በአገራችን ቦይለር የምንለው ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን፣ ብዙውን ጊዜ 50 ወይም 80 ሊትር የሚይዘውን የኤሌክትሪክ ውሃ ማሞቂያ ነው። ቀዝቃዛው ውሃ ከታች፣ ሰማያዊ ምልክት ባለበት በኩል ይገባል። ሬዚስታንሱ ያሞቀዋል፤ ቴርሞስታቱ የተፈለገው ሙቀት ላይ ሲደርስ ኤሌክትሪኩን ያቋርጣል። ሙቁ ውሃ ቀለል ስለሚል ወደ ላይ ይወጣና በቀዩ ምልክት በኩል ባለው ረጅም ቱቦ ይወርዳል። ልብ በሉ፣ ሙቁ ውሃ የሚወጣው ቀዝቃዛው ከኋላ ሲገፋው ብቻ ነው። ቦይለሩ ሙቀት ይጨምራል እንጂ በውሃው ላይ የሚገፋ ኃይል አይጨምርም። ስለሆነም "ቦይለሩ ግፊት አቆመ" የሚለው አባባል ብዙ ጊዜ "ወደ ቦይለሩ የሚገባው ግፊት ቀነሰ ወይም ቦይለሩ ውስጥ መንገዱ ጠበበ" ማለት ነው።

በገበያችን የሚገኘው ሻወሩ አፍ ላይ የሚገጠም ማሞቂያ ደግሞ ከዚህ ይለያል። ውስጡ በውሃ ግፊት የምትነፋ ስስ ላስቲክ አለች። ላስቲኳ ስትነፋ የኤሌክትሪክ መገናኛውን ትዘጋለች፤ ግፊቱ ካልበቃ አትነፋም፣ ውሃውም ቀዝቃዛ ሆኖ ይወርዳል። ስለዚህ ይህ ማሞቂያ "ተቃጠለ" ተብሎ ከመጣሉ በፊት የውሃው ግፊት መታየት አለበት።

አውሮፓ ያሉ ዘመዶቻችን ስልክ ደውለው "ቦይለሩ ግፊቱ ወርዶ ቤቱ ቀዘቀዘ" ሲሉ የሚናገሩት ስለ ሌላ ዓይነት ቦይለር ነው። ስሙ አንድ ሆኖ ሥራው የተለየ ነው። የእነሱ ቤት ማሞቂያ ዝግ ሥርዓት ነው፤ ያው አንዱ ውሃ ከቦይለሩ ወደ ክፍሎቹ ራዲያተሮች እየተዘዋወረ ይመለሳል። የግፊት መለኪያው ቦይለሩ ሲቀዘቅዝ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 1.5 ባር ማሳየት አለበት። ከዚያ በጣም ከወረደ ብዙዎቹ ቦይለሮች ራሳቸውን ያጠፋሉ። ያን ጊዜ ቦይለሩን አጥፍቶና አቀዝቅዞ፣ የመሙያውን ቫልቭ ቀስ አድርጎ በመክፈት ከመስመር ውሃ ማስገባት፣ መርፌው እስከ 1.5 ባር ሲደርስ በደንብ መዝጋት ነው። በየጥቂት ቀኑ ግን የሚወርድ ከሆነ የሆነ ቦታ ያፈሳል፣ ወይም የማስፋፊያ ጋኑ አየሩን አጥቷል፤ ያን ጊዜ ባለሙያ መጥራት ያስፈልጋል። የእኛ ቦይለር ይህ ሁሉ የለውም፤ ነገር ግን ትምህርቱ አንድ ነው። ግፊቱን ከመመለስ በፊት ለምን እንደሄደ መጠየቅ ነው።

ግፊቱ የት ጠፋ? የባልዲ ምርመራ

የግፊት መለኪያ ጌጅ ሁላችንም ቤት የለም። ባለ 10 ሊትር ባልዲና ሰዓት ያለው ስልክ ግን አለ። የሚከተለውን በቅደም ተከተል ማድረግ ይቻላል፦

አንደኛ፣ ቀዝቃዛውን ቧንቧ ሙሉ በሙሉ ከፍቶ ባልዲው በስንት ደቂቃ እንደሚሞላ መመዝገብ። ሙቁንም እንዲሁ። ቀዝቃዛው ጥሩ ሆኖ ሙቁ ብቻ ከደከመ ችግሩ ቦይለሩ ወይም የቦይለሩ መስመር ላይ ነው። ሁለቱም ከደከሙ ችግሩ ከቦይለሩ በፊት፣ ማለትም ሮቶው ወይም ዋናው መስመር ላይ ነው።

ሁለተኛ፣ ያንኑ ምርመራ በሌላ ቧንቧ ላይ መድገም። ኩሽና ጥሩ ሆኖ ሻወሩ ብቻ ከደከመ ችግሩ የሻወሩ አፍ ወይም ሚክሰሩ ነው። የሻወር አፍ ተፈትቶ አቼቶ ውስጥ ቢያድር ነጩ ቅርፊት ይለቃል። አንዳንድ ጊዜ ከዚህ በላይ ሥራ አያስፈልግም።

ሦስተኛ፣ ሁሉም ከደከሙ ሮቶው ጋ መውጣት። ውሃው ስንት ሜትር ነው? ከሮቶው የሚወጣው ቫልቭ ሙሉ በሙሉ ተከፍቷል ወይ? ቦርከና አካባቢ ክረምት ላይ የሚመጣ ውሃ ደለል ሊይዝ ስለሚችል የሮቶው መውጫ አፍ በጭቃ ሊደፈን ይችላል። ሮቶው ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ መታጠብ አለበት።

አራተኛ፣ አየር። ሮቶው ሙሉ በሙሉ አልቆ እንደገና ሲሞላ ቧንቧው ውስጥ አየር ይቋጠራል። በተለይ ቧንቧው በበር ላይ ወጥቶ የሚወርድ ከሆነ አየሩ ጉብታው ላይ ይቀመጥና ውሃውን ያግደዋል። በውሃ ፈረቃ በሚኖሩ ብዙ የአገራችን ከተሞች ይህ የተለመደ ነው። መድኃኒቱ በመጀመሪያ ዝቅተኛውን ቧንቧ ሙሉ በሙሉ ከፍቶ መጠበቅ፣ ከዚያ ወደ ላይ እየሄዱ መክፈት ነው። ውሃው እየተፋና እየተንኳኳ ከመጣ አየሩ እየወጣ ነው ማለት ነው።

አንድ ምሳሌ፦ ትልቁ ሮቶ

ባለፈው እረፍት ቤተሰቦቼ ጋ በሄድኩ ጊዜ ጎረቤታችን ሐጂ ጠሩኝ። ከሻወራቸው ሙቅ ውሃ አልወርድ ብሏል። "ልጄ፣ ባለ 2,000ውን ሸጬ ባለ 5,000 ሮቶ ልገዛ ነው፤ ውሃው በርከት ሲል ይገፋል" አሉኝ። "ሐጂ፣ አብሽሩ፤ ብሩን ከማውጣትዎ በፊት እስቲ እንለካው" አልኳቸው።

ማማው 4 ሜትር ነው። ቀዝቃዛው ባልዲውን በ1 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ሞላ። ሙቁ ግን 4 ደቂቃ ፈጀ። ይህ ልዩነት ወደ ቦይለሩ አመለከተን። ከሐጂ ልጅና ከሰፈሩ ቧንቧ ሠራተኛ ጋር ሆነን ብሬከሩን አጠፋን፣ ቦይለሩ እስኪቀዘቅዝ ጠበቅን፣ ከዚያ የቀዝቃዛውን መግቢያ ቫልቭ ዘግተን ቦይለሩን አፈሰስነው። መግቢያው ላይ ያለችው ሴፍቲ ቫልቭ፣ ቼክ ቫልቩ በውስጧ ያለው፣ በነጭ ቅርፊትና በአሸዋ ጠብባ ተገኘች። በአዲስ ተተካች። ሬዚስታንሱ ሲወጣም ቅርፊት ለብሶ ነበር፤ የቦይለሩ ሆድ ውስጥም የረገፈ ቅርፊት ነበር። ታጥቦ ተመለሰ። ሙቁ ባልዲውን በ1 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ሞላ። ከቀዝቃዛው ጋር ፈጽሞ እኩል ያልሆነው የቼክ ቫልቩ ስፕሪንግ ለመከፈት ብቻ ትንሽ ግፊት ስለሚወስድ ነው።

ሐጂ ተደሰቱ፤ "ቀዝቃዛውስ አይሻሻልም?" ብለውም ጠየቁ። ከማማው እስከ ሻወሩ ያለው ቧንቧ የግማሽ ኢንች ሆኖ ወደ 25 ሜትር ይረዝማል። በደቂቃ 7.5 ሊትር ሲያልፍበት በሰበቃ ብቻ ከ1 ሜትር በላይ ከፍታ እንደሚባክን በሂሳብ ማውጣት ይቻላል። ካለን 2 እና 3 ሜትር ላይ 1 ሜትር ማጣት ትልቅ ነገር ነው። ያው መጠን ውሃ በሦስት አራተኛ ኢንች ቧንቧ ቢያልፍ ብክነቱ ወደ አንድ ሰባተኛ ይወርዳል፤ ምክንያቱም ሰበቃው ከቧንቧው ስፋት ጋር በአምስት ገደማ ርቢ ይቀያየራል። እዚህ ላይ ፒፒአር ቧንቧ ስንገዛ ልንጠነቀቅ ይገባል። 20 ሚሊ ሜትር ተብሎ የሚሸጠው የውጪው ስፋት ነው፤ ውስጡ እንደ ግድግዳው ውፍረት 13 ወይም 14 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው።

ሐጂ ትልቁን ሮቶ ተዉት። ዋናውን መስመር በወፍራም ቧንቧ አስቀየሩ፤ ማማውንም በሌላ ጊዜ በ2 ሜትር ከፍ ሊያደርጉት አሰቡ። ባዶ ሊሆን ሲል የነበረው 2 ሜትር 4 ሜትር ይሆናል ማለት ነው፤ እጥፍ። ለማማው ግን ብረት በያጅ ብቻ መወሰን የለበትም። የሞላ ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ ከውሃው ብቻ 2 ቶን ይመዝናል፤ መሠረቱና እግሩ ያንን መሸከም አለበት።

ፓምፕ መቼ?

ከዚህ ሁሉ በኋላም ግፊቱ ካልበቃ፣ ለምሳሌ ፎቅ ቤት ከሆነ፣ ፓምፕ ተገቢ ነው። ለአንድ ቤት ብዙውን ጊዜ የግማሽ ፈረስ ጉልበት ፓምፕ ይበቃል። የሚተከለው ከሮቶው በኋላ፣ ከሮቶው በታች ነው። ግፊት ሲወርድ የሚያስነሳው፣ ሲሞላ የሚያጠፋው አውቶማቲክ ሊኖረው ይገባል። ከፍተኛው ግፊቱም ቦይለሩ ላይ ከተለጠፈው ጽሑፍ የሚፈቀደውን ማለፍ የለበትም።

ፓምፑን በቀጥታ ከቆጣሪው ቀጥሎ፣ ከከተማው መስመር ላይ መግጠም ግን ክልክል ሊሆን ይገባል። የጎረቤትን ውሃ መሻማት ብቻ አይደለም። ፓምፑ መስመሩን ሲመጠው በውስጡ ያለው ግፊት ከውጪው ያንሳል፤ ያን ጊዜ መስመሩ በተሰነጠቀበት ሁሉ የቦይና የመጸዳጃ ፍሳሽ ወደ ውስጥ ይገባል። ያ ውሃ የሚጠጣው ጎረቤት ልጅ ነው፣ ወይም የራሳችን።

በፀሐይ የሚሠራ ማሞቂያ ለሚያስቡም አንድ ምክር አለኝ፤ ለከሚሴ ፀሐይ መቼም ይመከራል። ውሃው በራሱ የሚዘዋወርበት ዓይነት ከሆነ የሚመግበው ሮቶ ሥር ከማሞቂያው ጋን በላይ መሆን አለበት። ሁለቱ ጣሪያ ላይ ጎን ለጎን ከተቀመጡ ጋኑ በደንብ አይሞላም፤ ከዚያም "ቻይና ስለሆነ ነው" ይባላል።

ቀልድ የሌለበት ነገር

ሴፍቲ ቫልቭ ቦይለሩ ሲሞቅ ጠብ ጠብ ማለቷ ብዙ ሰው ያናድዳል። ግን ሥራዋ ነው። 80 ሊትር ውሃ ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ሲሞቅ ወደ 1.2 ሊትር ይሰፋል። ቼክ ቫልቩ ወደ ኋላ እንዳይመለስ ስለሚያግደው የሰፋው ውሃ መውጫ ይፈልጋል። አንዳንድ ቤት ይህችን ቀዳዳ በእንጨት ወይም በክዳን ይደፍኗታል። "ያፈስ ነበር፣ አቆመልን" ይላሉ። ቴርሞስታቱ አንድ ቀን ቢበላሽ ግን ውሃው ከመፍያው በላይ ይሞቃል፣ መውጫም የለውም፤ ቦይለሩ ይፈነዳል። ከሥሩ የሚታጠበው ሰው ነው። ስለዚህ ጠብታዋን በቱቦ ወደ ፍሳሽ መምራት እንጂ መድፈን ፈጽሞ አይገባም። ሳትሞቅም ሌሊትና ቀን የምታፈስ ከሆነች ደግሞ ወይ ቫልቯ አርጅታለች፣ ወይ የሚመጣው ግፊት በዝቷል፤ ትታይ።

ሁለተኛው ጥንቃቄ ውሃ ሲጠፋ የሚደረግ ነው። ሮቶው ሲያልቅ የቦይለሩን ብሬከር ማጥፋት ያስፈልጋል። ቼክ ቫልቩ ካረጀ ውሃው ወደ ኋላ ሊፈስ፣ ሬዚስታንሱም በደረቁ ሊቃጠል ይችላል። ውሃ ሲመለስ በመጀመሪያ ሙቁን ቧንቧ ከፍቶ ያለ አየር፣ ሳይቆራረጥ እስኪወርድ መጠበቅ፣ ከዚያ ብቻ ማብራት ነው። የኤሌክትሪኩ የመሬት ሽቦ መኖሩም በኤሌክትሪክ ባለሙያ ይረጋገጥ፤ ውሃና ኤሌክትሪክ በአንድ ክፍል ሲገናኙ ሽቦው ቅንጦት አይደለም።

ማጠቃለያ

ከላይ ለመግለጽ እንደሞከርኩት፣ የቤት ቦይለር ግፊት የሚመለሰው በቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ በባልዲ መለካት፤ ቀጥሎ ማጽዳት፣ አየር ማስወጣት፣ የጠበበውን መክፈት፤ ከዚያ ቧንቧን ማስፋት ወይም ሮቶን ከፍ ማድረግ፤ በመጨረሻ ፓምፕ። የመጀመሪያዎቹ ምንም ወይም ጥቂት ብር ያስወጣሉ፤ የመጨረሻው ብዙ። ብዙ ቤት ግን ከመጨረሻው ይጀምራል።

እኛ የክፍለ ትምህርቱ ተማሪዎች በየእረፍቱ ወደየአካባቢያችን ስንሄድ "አንተ ኢንጂነር፣ እስቲ ይህን እይልን" መባላችን አይቀርም። ያን ጊዜ ባልዲና ሰዓት ይዘን እንሂድ። ስንጨርስም ከመውጣታችን በፊት የሴፍቲ ቫልቯ ቀዳዳ ክፍት መሆኑን በእጃችን ዳስሰን እናረጋግጥ።